ጠላት ያጣው ልብስ ተኳሽ

ላውንድሪው ውስጥ የሚሠሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ባለቤቷ እትዬ፣ መደርደሪያው ጋ ቆማ ልብስ የምትቀበለው ልጅ፣ ከኋላ ክፍል ያለው አጣቢና ልብስ ተኳሹ። ተኳሹን «መጋቢ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ዕድሜው ሃያ ሦስት ነው፣ ቁመቱ መለሎ፣ ድምፁ ከቁመቱም የረዘመ። ኮት ሲተኩስ ይዘምራል፣ ሱሪ ሲተኩስ ይሰብካል፣ ሸሚዝ ላይ ሲደርስ ግን ኮሌታ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ዝም ይላል። በዚህ ምክንያት ባልደረቦቹ ሸሚዝ የሚበዛበትን ቀን ይወዱታል። ቤትም ቢሆን ያው ነው። እናቱ ምግቡን ከምድጃ የምታወርደው ልጇ የምስጋና ጸሎቱን ጀምሮ አገሩን ሁሉ ከዞረ በኋላ፣ ወደ አሜን ሲቃረብ ነው፤ አለዚያ ይቀዘቅዛል።

አስመሳይ ነው እንዳይባል፣ አይደለም። ጌታውን ከልቡ ይወዳል፤ የታመመ ሲሰማ ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ የተጣላ ሲያይ እንቅልፍ ያጣል። ልቡ ንጹሕ ነው፣ ችግሩ አፉ ልቡን ቆሞ የማይጠብቅ መሆኑ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰበው የወጣቶች ኅብረት ስልሳ ያህል አባላት አሉት። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ «ክርስቶስን ማዕከል ያደረገ ሕይወት» የሚል ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ የተኮሰው መጋቢው ስለሆነ አንዲት የጨርቅ እጥፋት ቢፈለግ አይገኝበትም። የኅብረቱ ሰብሳቢ ትዳር ይዞ ሊለቅ አንድ ወር ቀርቶት ነበርና ተተኪ መመረጥ ነበረበት። ለቦታው የታሰቡት ሁለት ናቸው፣ መጋቢውና አንዲት ነርስ። ነርሷ ደግ ልጅ ናት፣ ግን ስትናገር ሁለተኛው ረድፍ አይሰማትም። መጋቢው ሲናገር ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤትም ይሰማል። ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት መሰለው። ምን ያህል እንደጓጓ ለማንም ባይተነፍስም፣ መስታወት ፊት ቆሞ የመጀመሪያውን ንግግሩን ሦስት ጊዜ አድርጎታል።

ታዲያ ሰብሳቢው አንድ እሁድ ተነሣና፣ «ወሬ አበዛን» አለ። «በዚህ ወር እያንዳንዳችን አንድ ጠላታችንን እንውደድ። በአፍ አይደለም፤ በእጅ፣ በእግር። ወሩ ሲያልቅ እየቆምን እንመሰክራለን፣ ምርጫውም ያኔ ይሆናል። አሁን ወረቀት አውጡና ሰውየውን ጻፉት፤ ለራሳችሁ ነው፣ ማንም አያየውም።»

ስልሳ ሰው ጎንበስ ብሎ ጻፈ። አንዳንዶቹማ ቦታ አልበቃ ብሏቸው ወረቀቱን ገለበጡት። መጋቢው ብዕሩን ይዞ ቀረ። የክፍል ጓደኞቹን አሰበ፣ ዘመዶቹን አሰበ፣ በልጅነቱ ጥርሱን የሰበረውን ልጅ ሳይቀር አሰበ፤ ከሁሉም ጋር ሰላም ነው። መጀመሪያ ኩራት ቢጤ ተሰማው። ቤቱ ሲደርስ ግን ኩራቱ ወደ ጭንቀት ተለወጠ፣ ምክንያቱም ጠላት የሌለው ሰው የሚመሰክረው የለውም፤ የሚመሰክረው የሌለውን ደግሞ ማን ሰብሳቢ ያደርገዋል?

በማግሥቱ ፍለጋ ጀመረ። ከቤታቸው በላይ የሚኖረው ጡረተኛ ሹፌር ገና ሳይነጋ ሬዲዮ እያስጮኸ ሕንፃውን የሚቀሰቅስ ሰው ነውና ለጠላትነት ደህና ይሆናል ብሎ አሰበ። ትኩስ ዳቦ ይዞ፣ ፊቱ ላይ የሚዘጋበትን በር በትዕግሥት ሊቀበል ተዘጋጅቶ አንኳኳ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ አቀፈው። ለካ ጆሮው ስለደከመ ነው ሬዲዮውን የሚያስጮኸው፤ ሰው ካነጋገረው ወር አልፎታል። መጋቢው ሁለት ሰዓት ሙሉ የከባድ መኪና ማርሽ ታሪክ ሰምቶ ወረደ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮም ሬዲዮው ዝግ አለ። አንድ ጠላት እንዲህ ባከነ።

ቀጥሎ ጠበቃውን አሰበ። ጠበቃው ሱሪውን ብርሃን ላይ ዘርግቶ መስመሩን በአንድ ዓይኑ የሚለካ፣ ቅር ካለውም እትዬን የሚያስጠራ ደንበኛ ነው። መጋቢው የዚህን ሰው ሱሪ እየጸለየ ተኮሰው። ጠበቃው መጥቶ አየ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለካ፣ ከዚያም፣ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ መስመር አላየሁም» ብሎ እጁን ጨበጠው። መጋቢው ያን ቀን ፊቱ ጠቁሮ ዋለ።

እናቱ ነገሩን ስትሰማ፣ «ጠላት ከሆነ የጨነቀህ እኔ አለሁልህ» አለችው። «ነገ ደግሞ ባልዲውን ባዶ ትተኸው ውጣ፣ ታየኛለህ።»

«እማዬ፣ ቁም ነገር ነው የማወራሽ።»

«እኔስ ምን የቀለድኩ መሰለህ?»

ምስክርነቱ ሦስት ቀን ሲቀረው መጋቢው ተስፋ ቆረጠ። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ኋላ ክፍል ገባ። አጣቢው ሃምሳውን ያለፈ፣ ቃሉን የሚቆጥብ ሰው ነው። በየቀኑ ከምሳ በፊት የተገለበጠ የሳሙና ሳጥን ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ዳቦውን ይቆርሳል። መጋቢው የጸሎት ሰው መሆኑን ስለሚያውቅ ምክር ሊጠይቀው ፈለገ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ጠላት አለዎት?»

«አንድ አለኝ» አለ አጣቢው።

መጋቢው በሰው ጠላት እንዲህ ደስ ይለኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ሌላ ሳጥን ገልብጦ ጠጋ አለ። «ይወዱታል?»

«እየሞከርኩ ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዓይኔን ስጨፍን የምታየኝ ለእሱ ስጸልይ ነው።»

«ታዲያ ተሳካልዎት?»

«አንዳንድ ቀን ይሳካል። ሲያወራ ስሰማው ግን እንደገና ከመጀመሪያው ነው።»

«እዚሁ ነው እንዴ ያለው?»

«እዚሁ ነው።»

«እትዬ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ተቀባይዋ ናት?»

«እሷ ምን አደረገችኝ፣ ምስኪን።»

መጋቢው ልብስ ተኳሽ እንጂ የሒሳብ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም ማን እንደቀረ ለማወቅ ጣት መቁጠር አላስፈለገውም። «እኔ ነኝ?» አለ።

አጣቢው ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ሰጠው። «እንካ፣ ብላ» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መደርደሪያው ጋ ቆሞ ልብስ የሚቀበለው ይኸው ሰው ነበር። ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ኮት ለተሳሳተ ሰው ሰጥቶ አያውቅም። ደንበኛው ሲመጣ ወረቀቱን ይገፋለትና፣ «እርስዎ ይጻፉት፣ የእርስዎ ጽሕፈት ያምራል» ይለዋል፤ ከዚያ ልብሱን በመልኩ፣ በአዝራሩ፣ በኪሱ ቀዳዳ ለይቶ በጭንቅላቱ ይይዘዋል። ደንበኞቹም ጽሕፈታቸው ስለተመሰገነ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ይህን ምሥጢር ለአንድ ሰው ብቻ ነገረው፣ ለመጋቢው፣ ያውም ፊደል ታስቆጥረኛለህ ወይ ብሎ ሊጠይቀው። መጋቢው እንባው መጣ። እሁድ ዕለት በኅብረቱ መካከል ቆሞ ስለዚህ ወንድም እንዲጸለይለት አሳሰበ፤ ስልሳ ሰው ተንበርክኮ አለቀሰ። ከስልሳው አንዷ የእትዬ የእህት ልጅ ነበረች። እሷም ለአክስቷ በሐዘኔታ ነገረች፣ እትዬም በሐዘኔታ፣ እንዳይጨናነቅ ብለው፣ ሰውየውን ከመደርደሪያው አንሥተው ወደ ማጠቢያው አዛወሩት። በዚህ ሁሉ መሃል ክፉ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። የፊደሉ ነገር በዚያው ተረሳ።

«ስምዎን እኮ አልጠራሁም» አለ መጋቢው።

«ምን ብለህ ነበር?»

«በምሠራበት ቤት ልብስ የሚቀበል አንድ ወንድም አለ፣ ማንበብ አይችልም… ነው ያልኩት።»

«ያኔ ስንት ተቀባይ ነበረን?»

ዳቦው በመጋቢው እጅ እንዳለ ቀረ። አፈረ፤ እስከ ጆሮው ድረስ አፈረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው አጠገብ ሲዘምር፣ ሲሰብክ፣ ስለ ፍቅር ሲያስተምር፣ ሰውየው ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ እጁን አረፋ ውስጥ ነክሮ እሱን ላለመጥላት ሲታገል ኖሯል። ጠላት ፍለጋ ፎቅ ለፎቅ ሲንከራተት እሱ ራሱ የሰው ጠላት ሆኖ ተገኘ።

«ጋሼ» ብሎ ጀመረ፣ «እኛ የሰው ልጆች በዚህች ምድር ላይ ስንመላለስ…»

«አሳጥረው።»

«ማለቴ፣ ቅን ልብ ይዘንም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ…»

«አሁንም ረዘመ።»

«በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሰማሁ» አለ አጣቢው።

«ይቅር ብለውኛል ማለት ነው?»

«ሰማሁ ነው ያልኩህ። ነገም እሞክራለሁ።»

«እትዬ ጋ ልሂድና ወደ ቦታዎ እንዲመልሱዎት…»

«አትሂድ። ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ እኔ ለማንም እንዳታወራ።»

«ለጸሎትም ቢሆን?»

«ለጸሎት ደግሞ በተለይ።»

እሁድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። አንዱ ከስድስት ዓመት በኋላ ወንድሙን ደውሎ ማናገሩን መሰከረ፤ አንዷ የቀድሞ እጮኛዋ ሠርግ ላይ ወንበር ማስተካከሏን ተናገረች፣ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ነርሷም መሰከረች፤ ስለ አለቃዋ ይመስላል፣ ሁለተኛው ረድፍ በትክክል አልሰማም። በመጨረሻ ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ፣ «ጣፋጩን ለመጨረሻ አቆይተናል» አለና ወደ መጋቢው ጠቆመ።

መጋቢው ተነሣ። እንዲህ ያለ ታሪክ በእጁ ገብቶ አያውቅም። የት ላይ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የት ላይ እንደሚያቆም፣ የትኛው ረድፍ ቀድሞ እንደሚያለቅስ ሁሉ ታየው። ዳቦው መሃል ላይ ሲቆረስማ መሐረብ የማያወጣ አይኖርም። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ጥፋቱን ገልጦ የሚናገር ሰብሳቢ ማን ይጠላል? «ስሙን ሳልጠራ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። በሦስተኛው ረድፍ የእትዬ የእህት ልጅ መሐረቧን አዘጋጅታ ተቀምጣለች።

«እኔ የምናገረው የለኝም» ብሎ ተቀመጠ።

ከኋላ አንዱ፣ «አሞታል እንዴ?» አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነው፣ ያም ሆኖ ያማል። ነርሷ በብዙ ድምፅ ተመረጠች። መጋቢው አራት ድምፅ አገኘ፣ አንዱ የራሱ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። ወንበር አነሣስቶ፣ ነርሷን እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ብቻውን ወደ ቤቱ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ከፋው። ደህና ነገር የሠራ ሰው ደስ ይለዋል ሲባል የሰማው ሁሉ ለሌላ ሰው የተባለ መሰለው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሒሳባቸውን ሳይጀምሩ፣ «መጋቢያችን ትናንት ቃል አጥቶ ተቀመጠ አሉ» እያሉ ሳቁ። «የእህቴ ልጅ ናት የነገረችኝ። ጠላት አጥቶ ነው አሉ።» ተቀባይዋም ሳቀች። አጣቢው እርጥብ አንሶላ ተሸክሞ በመሃል ሲያልፍ ሰማ። ቆም ብሎ መጋቢውን አየው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ክፍል ገባ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠራው። እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ስለነበር የሸሚዙን ኪስ ወደ እሱ አቀረበለት። «በውስጡ ወረቀት አለ፣ አውጣው» አለ።

መጋቢው አወጣው። አራት ላይ የታጠፈ፣ ጠርዙ ከመነካካት ብዛት የተላላጠ ደብዳቤ ነው።

«ከልጄ ነው» አለ አጣቢው። «ለትምህርት ከሄደች የመጀመሪያዋ ነው። በስልክ የማይወራ ነገር ስለሆነ ጽፌልሃለሁ አለችኝ። ሦስት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።»

«ለምን ለአንዱ ሰው አላስነበቡትም?»

«ልጄ ማንበብ እንደማልችል አታውቅም። ልጅነቷን ሙሉ ደብተሯን ይዤ እገልጥላት ነበር፣ የማነብ መስሏት ነው የኖረችው። ወሬው እስካሁን እሷ ጋ አልደረሰም፤ ሰው ጋ ከሄድኩ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ።» ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። «ቀስ ብለህ አንብብልኝ።»

መጋቢው በሩን ዘጋና አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለት ገጽ ሙሉ በሹክሹክታ አነበበ። አንድ ቦታ ላይ አጣቢው ፊቱን ወደ ግድግዳው ስላዞረ ቆም ብሎ ጠበቀው፣ ምንም ቃል አልጨመረም። ሲጨርስ በነበረው እጥፋት አጥፎ ኪሱ ውስጥ መለሰለት።

«ድገምልኝ» አለው አጣቢው።

እንደገና አውጥቶ ደገመለት። ደብዳቤው ምን እንደሚል መጋቢው እስከ ዛሬ ለእናቱ እንኳ አልተናገረም፤ ስለዚህ እዚህም አይጻፍም።