የተሰፋ ትከሻ

ቀኝ ትከሻዬ የሚወልቀው ደስ ሲለኝ ነበር። ለቅሶ ቤት ወልቆ አያውቅም። የመጀመሪያው እንኳ የአደጋ ነው፤ እዚህ ካምፓላ፣ ቡጎሎቢ ገበያ አጠገብ የተሳፈርኩበት ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክሉ፣ በዝናብ ተንሸራቶ እኔንም የገዛሁትን ቲማቲምም አንድ ላይ ደፋን። ከዚያ በኋላ ግን ትከሻዬ መውጫውን ለመደ። ክርስትና ላይ ወለቀ። ልደት ላይ ወለቀ። በጓደኛዬ ሰርግ እስክስታ እየመታሁ፣ ልክ ዘፈኑ ሲግል፣ ቀጭ ብሎ ወጣ። የጮኽኩት በሕመም ነው፤ ሰው ግን የደስታ መስሎት አብሮኝ እልል አለ።

እናቴ ሥራ የጀመረችው ያኔ ነው። ግብዣ በተጠራን ቁጥር እኔ ልጨፍር ስነሳ እሷም ትነሳና እጆቿን ዘርግታ ከኋላዬ ትቆማለች፤ ከመደርደሪያ ሊወድቅ ያለ ብርጭቆ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። እኔ ወደ ግራ ስል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ ትላለች። የካምፓላ ሐበሻ ሁሉ ለምዶን ነበር። እንዲያውም አንድ ሰውዬ አዲስ የመጣ ጭፈራ መስሎት ከሚስቱ ኋላ ቆሞ ሲሞክረው በዓይኔ አይቻለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው ሲባል ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እናቴ፣ እሱና እኔ ብቻ ነን። ሙሽሮቹ ገብተው ሲቀመጡ መጀመሪያ ከፊታቸው ወጥታ የምትጨፍረው ታላቅ እህት ናት፤ እሷም እኔ ነኝ። ይህን ቦታ ለማንም አልለቅም።

"እትዬ፣ በሰርጌ ቀን ሁላችንም ሐኪም ቤት እንዳናድር አደራ" አለኝ ወንድሜ እየሳቀ። ሳቀ እንጂ ፈርቶ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። በማግስቱ ለኦፕራሲዮን ተመዘገብኩ።

ጊዜው ኮሮና ገብቶ ሁሉም ሰው በማስክ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ሐኪሙ ትከሻዬን ሳይከፍት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ፣ የተቀደደውን ጅማት ከአጥንቱ ጋር በክር መልሶ ሰፋው። ከማደንዘዣው ስነቃ ለኡጋንዳዊቷ ነርስ በአማርኛ "ሰርጉ ተጀመረ እንዴ?" አልኳት አሉ። እሷም የጠየቅኳት ውሃ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ቀኝ እጄ ደረቴ ላይ ታስሮ ቤት ገባሁ። ምሳ ሲቀርብ በግራ እጄ እንጀራ ልቆርስ ስል እናቴ እጄን ቸብ አደረገችው።

"ወዲያ! በግራ እጅ?"

"እማዬ፣ ቀኙ እኮ ታስሯል።"

"እኔስ? የእኔም ታስሯል?"

ማጉረስ ጀመረች። ጠዋት ጉርሻ፣ ቀን ጉርሻ፣ ማታ ጉርሻ። እሷ ስትደክም ሊጠይቁኝ የመጡት ይቀጥላሉ፤ እምቢ ማለት አይቻልም፤ አንዷን ጎርሼ ሌላዋን ብተው ቅያሜ ነው። ከታች ፎቅ ያለችው ኡጋንዳዊት ጎረቤታችን ሳትቀር ወጉን አይታ ማቶኬ፣ የእነሱን የተቀቀለ ሙዝ፣ በሹካ ይዛ መጣችና አፌን አስከፈተችኝ። ትከሻዬ መዳኑን ገና ሳላውቅ ቀሚሴ አልዘጋ አለ።

እጄን የሚያሠራኝ ፊዚዮቴራፒስት ናካሴሮ ሰፈር የሚሠራ ረጅም ኡጋንዳዊ ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን "ይህን እጅ ለምን ትፈልጊዋለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው ሰው መኪና ለመንዳት፣ ፀጉር ለማበጠር ይላል መሰለኝ። እኔ ተነሥቼ በደህናው በግራ ትከሻዬ ብቻ እስክስታ መታሁለት። ግማሽ ሰውነት ሲጨፍር ግማሹ ተቀጥቶ እንደቆመ ተማሪ ነው። የሰውዬው እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ።

"ድገሚው" አለኝ።

ደገምኩለት። ሮጦ ወጥቶ ባልደረቦቹን ጠራ። ለእነሱም ደገምኩ። ከጀርባዬ ዞሮ ትከሻዬ ላይ ያለውን ሰፊ አጥንት በጣቱ እየተከተለ እያየ "ይሄ አጥንት እንዲህ ይሄዳል እንዴ?" ይላል። በመጨረሻ አስረዳኝ፤ ክንዴ ወደ ታች ወርዶ እጄ ወገቤ ላይ ካረፈ፣ ጊዜው ሲደርስ፣ ይህ ጭፈራ መድኃኒቴ ነው። ክንዴን ወደ ጎን ከፍቼ ወደ ላይ ማንሣቱ ግን የመጨረሻ ነው የሚመጣው። "ምፖላ ምፖላ፣ ኛቦ" አለኝ፤ ቀስ በቀስ፣ እመቤቴ ማለቱ ነው። እየዘለልኩ መውጣት ቢያምረኝም መዝለል ክልክል ነበር።

እናቴ ግን አላመነችም። "እጅ እንዲህ ታስሮ ከከረመ ይደርቃል" ትላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተኝቼ ስነቃ የቅቤ ሽታ ሸተተኝ። ሳሎን ብቅ ስል ወጌሻው ተቀምጧል። ቀን ቀን የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ያገራችን ሰው ነው፤ ትከሻዬ ሲወልቅ ስንት ጊዜ ጎትቶ መልሶልኛል፤ ውለታው አለብኝ። አሁን እጅጌውን ጠቅልሎ፣ የቀለጠ ቅቤ በስኒ ይዞ እየጠበቀኝ ነው።

"ነይ ልጄ፣ አትፍሪ፤ ትንሽ ላፍታታልሽ ነው።"

በሌሊት ልብሴ፣ በአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ደረጃውን ተወርውሬ ወረድኩ። እናቴ "ኧረ ልጄን ያዙልኝ!" እያለች ከኋላ፣ ወጌሻው ስኒውን እንደያዘ ከእሷ ኋላ። የግቢው ዘበኛ ዱላውን አንሥቶ ከበሩ እየሮጠ መጣ።

"ምንድን ነው? ሌባ ነው?"

"አይደለም፣ ቅቤ ነው!" አልኩት።

ዘበኛው ዱላውን አወረደ። ወጌሻው ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ አልተቀየመም፤ የቀረበለትን በልቶ፣ ለእኔም አንድ ጉርሻ ጨምሮ ሄደ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዬ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቱ ነገሩን ሲሰማ አልሳቀባትም። ወንበር ስቦ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣትና ሐኪሙ በካሜራው ያነሣውን የትከሻዬን ውስጥ አሳያት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ስትጠልፍ የኖረች ሴት ናት፤ ካምፓላም የምንኖረው በመርፌዋና በእኔ ደመወዝ ነው። መነጽሯን አደረገች። አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ።

"ይሄ ክር ነው?"

"ክር ነው" አልኳት።

"ይሄስ ቋጠሮ?"

"ቋጠሮ ነው።"

ምስሉን ወደ ኋላ አስመለሰችው፣ ደግሞ አየችው። "እጁ ይባረክ፤ እንዴት አድርጎ አጥብቆታል" አለች። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞራ ተቆጣች።

"አንቺ! አሁን የተሰፋ ነገር ሳይጸና ይጎተታል? ምነው ዝም ብለሽ ወጌሻ ስታስጠሪኝ!"

ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ትከሻዬን አመመኝ፤ እሱም አሳቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከፊዚዮቴራፒስቱ የባሰች ጠባቂ ሆነች። የፍሪጅ በር እንኳ አላስከፍት አለችኝ።

ማሰሪያው ከወለቀ በኋላ በዱላና በበር ላይ በታሰረ ገመድ ክንዴን ማንሣት መለማመድ ጀመርኩ። እጄ ጆሮዬ ላይ የደረሰ ቀን ራሴን ሳምኩት ማለት ይቻላል። መጨፈር ግን ገና ነበር፤ ሰርጉም ደርሶ ጨንቆኝ ሳለ መንግሥት እንቅስቃሴ ዘጋ። ሰርጉ ተራዘመ። ወንድሜ አኮረፈ፤ ሙሽራዋ በስልክ አለቀሰች። እኔም "አይ፣ ምን ይደረግ" ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣ ነክሼ ሳቅኩ። ትከሻዬ ጊዜ አገኘ! ፊዚዮቴራፒስቱ በስልክ ቪዲዮ ያሠራኝ ነበር፤ ስልኩን የምትይዘው እናቴ ስለነበረች ግማሹን ጊዜ የሚያየው ጣሪያችንን ነው።

መንገዱ ተከፍቶ ሰርጉ ሲደርስ ሙንዮንዮ በሚባለው የሐይቅ ዳር ሰፈር፣ በጥቂት ሰው ሆነ። ፊዚዮቴራፒስቱን የጋበዘችው እናቴ ናት። ከሳምንት በፊት መርምሮኝ ክንዴን እንደልቤ እንዳነሣ ፈቅዶልኝ ነበር፤ እናቴ ግን ፈቃዱን እንደሰማ ሰው አልሆነችም።

ሙሽሮቹ ገብተው ተቀመጡ። ዘፈኑ ተለቀቀ። ወጣሁ፤ እጆቼን ወገቤ ላይ አደረግሁ፤ ትከሻዬ ግን እምቢ አለኝ። በድን ሆነ። ያን ሁሉ ወር የጠበቅሁት ቀን ደርሶ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እናቴ መጥታ እንደ ድሮዋ እጆቿን ዘርግታ ከኋላዬ ስትቆም ተሰማኝ፤ ትንፋሿ አንገቴ ላይ ነው።

በግራው ጀመርኩ። ቀኙ ቀስ ብሎ ተከተለ። ወንድሜ ከሙሽራ ወንበሩ ተነሥቶ ከፊቴ መጣ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጠምን። "እስክስ!" አለ ሰው። ሙሽራዋም ተነሣች። ዘፈኑ ጋለ፤ ያች ትከሻዬ የሚወዳት ቦታ ደረሰች፤ እኔም ክንዴን ከፍቼ ወደ ላይ አነሣሁት። ምንም የለም! ቀጭ የለ፣ ሕመም የለ፤ በቦታው ተቀምጦ ይርገፈገፋል። በደስታ ልብድ ነው።

"እማዬ፣ አየሽ?" ብዬ ዘወር ስል ከኋላዬ ማንም የለም።

ደንግጬ በዓይኔ ፈለግኋት። ፊዚዮቴራፒስቱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች። የሰውዬውን ማስክ በግራ እጇ ወደ አገጩ አውርዳ፣ በቀኝ እጇ ጡጫ የሚያክል ጉርሻ ታጎርሰዋለች። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አዋዜው ይሁን ሌላ አላወቅሁም። እሷ ደግሞ ሁለተኛውን እየጠቀለለች ነው። ዘፈኑ እየጮኸ፣ ሰው እየጮኸ፣ እኔ ክንዴን ሰማይ ሰቅዬ እየጨፈርኩ፣ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ አላየችኝም።