ሸምሱ ያላገኘው ድምፅ

ይህን ነገር ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለወንድሜም አልነገርኩትም። ሱጁድ ላይ ግንባሬን ደፍቼ እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። «ያ አላህ፣ ያንን ነገር አንተ ታውቀዋለህ» ብዬ ሸፋፍኜ አልፈዋለሁ። ዛሬ ለማታውቁኝ ለእናንተ በስሙ ልጥራው። እኔ ዘቢባ፣ ወልቂጤ ውስጥ ልጆችን ፊደል የማስቆጥር፣ ወላጆች መንገድ ላይ ቆመው ሰላም የሚሉኝ መምህርት፣ በአንድ ጥቅል ቆጮ የአንድን ደህና ሰው ስም አጥፍቻለሁ። ሰውየው ሸምሱ ይባላል። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ፈገግ ብሎ ሰላም ይለኛል።

ወንድሜ ከማል አዲስ አበባ ውስጥ ነጋዴ ነው። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ዓመቱን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ተቀብሮ ይከርምና ለአረፋ አገር ቤት ይመጣል፤ ጉመር፣ አረቅጥ አጠገብ ወዳለው የእናታችን ቤት። ይመጣል አልኩ እንጂ ብቅ ይላል ማለት ይሻላል። በዋዜማው ለሴቶች አረፋ እደርሳለሁ ብሎ ለእርዱ ማለዳ ከች ይላል። ሥጋው ተበልቶ ሳያልቅ ደግሞ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ «እንግዲህ ልነሳ» ይላል። አባታችን የሞተ ጊዜ እንኳ ለቀብሩ አልደረሰም። አባቴን ያስታመምኩት እኔ፣ ለቅሶኛ የተቀበልኩት እኔ፣ እማዬን ደግፌ ያስነሳኋት እኔ። ተቀይሜው ነበር? አዎ፣ ተቀይሜዋለሁ። ግን ከቅያሜዬ ናፍቆቴ ይብስ ነበር። ልጆች ሆነን የጉመር ብርድ ሲጠብሰን በአንድ ጋቢ ስር ተኝተን እስካለቅስ ድረስ ሲያስቀኝ የነበረ ወንድሜ ነው። አንዲት ሳምንት ብቻ እንደዚያ ሆኖ ባገኘው ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

የዚያን ዓመት በሚወዳት ጂፕ መጣ። ያገለገለች ናት፤ ከእሱ በፊት ማን እንደነዳት አላህ ይወቅ። ሸምሱን ወደዚህ ታሪክ ያስገባችው እሷ ናት። ሸምሱ ቡታጅራ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። አባቱና አባታችን የገበያ ወዳጆች ስለነበሩ ከማል ለጂፗ ቴፕ ያስገጠመው እሱ ዘንድ ነበር። ያን ጊዜ ሸምሱ ለዓመታት በሰው ጋራዥ ሲሠራ ኖሮ ገና የራሱን ትንሽ የጥገና ቤት መክፈቱ ነው። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ያለ ስሙ ምን አለው? ሹፌር ሁሉ የሚሄደው «እሱ ጋ ውሰደው» ወደተባለለት ሰው ነው።

ከበዓሉ በኋላ ከማል በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ሲነሳ እኔም በርበሬ ልሸምት ብዬ አብሬው ተሳፈርኩ። በርበሬውን ወልቂጤም አገኘው ነበር። የዕቃ ማስቀመጫው በድንች ጆንያ ሞልቶ ስለነበር እማዬ ቆጮና ቅቤውን በኮባ ጠቅልላ፣ በገመድ ጠፍራ አመጣችና «መሬት እንዳታስቀምጡት፤ ምግብ እግር ስር አይቀመጥም» አለችን። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ አንድ ወፍራም ሽማግሌ ተደላድሎ ተቀመጠ። ጭነት ማስተካከል ሁልጊዜ የእኔ ሥራ ነው፤ ከማል ዞሮም አያየው።

ገና መንገድ ስንጀምር ጂፗ መጮህ ጀመረች። ጢን፣ ጢን፣ ጢን። ምክንያቱን ጽፋ የምታሳየው ትንሿ መስኮት ከተቃጠለች ቆይታለች፤ ስለዚህ አንድ ነገር ችግር አለ ትላለች እንጂ ምን እንደሆነ አትናገርም። ከማል ፊቱ ተለዋወጠ። ቁልቁለት ሊወርድ ነው፤ ፍሬን ቢሆንስ? አቆመ፣ በሮቹን ከፍቶ ዘጋ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘይት አየ፣ ውሃ አየ፣ ጎማ በእግሩ መታ። የእሱም የእኔም ቀበቶ ታስሯል። ተነሳን፤ ጢን፣ ጢን፣ ጢን።

ጥቂት እንደወረድን ጂፗ አንድ ጉድጓድ ላይ ዘለለችና ቆጮው ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ድምፁም በዚያው ቅጽበት ጠፋ። ከማል «አልሃምዱሊላህ» አለ፤ ለዙህር ሶላት መንገድ ዳር አቆመ። እሱ ሲሰግድ እኔ የእማዬን ቃል አስቤ ቆጮውን ላነሳ የኋላውን በር ከፈትኩ። ጎንበስ እንዳልኩ ገባኝ። የትምህርት ቤታችን መኪናም ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ካላሰረ እንደዚሁ ትጮህ ነበር። ጂፗ ቆጮውን ሰው አድርጋው ኖሯል! ቀበቶህን እሰር እያለች ነው የምትጨቀጭቀው። ለብቻዬ ሳቅሁ፤ እስኪጨርስ ቸኩዬ ጠበቅሁት፤ ይህን ስነግረው እንዴት እንደሚስቅ ታየኝ።

ከማል ሰግዶ ተነሳ፤ ጫማውን ሳያስር ሰዓቱን አየ። «ከዚህ በኋላ አልቆምም። አንቺን ቡታጅራ ጣል አድርጌሽ በቀጥታ አዲስ አበባ» አለ። ጣል አድርጌሽ አለኝ።

ቆጮውን አነሳሁት። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ጥፋቴ ይኸው ነው። እማዬ መሬት አታስቀምጡት ስላለች ነው እያልኩ ራሴን ለማታለል ሞክሬያለሁ። ቀበቶውን ባስረው ኖሮ የእማዬም ቃል ይከበር፣ ድምፁም ይጠፋ ነበር። ቀበቶው እዚያው አጠገቤ ተንጠልጥሏል፤ አየሁት፣ አላሰርኩትም።

ጩኸቱ አልተወንም፤ ቡታጅራ ስንደርስ ከማል ሸምሱ በር ላይ አቆመ። ሸምሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና «አሰላሙ አለይኩም! የጉመር ሰዎች፣ ድንቹስ?» ብሎ ተቀበለን። ነገሩን ሰምቶ ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ግን ኋላ ያለውን ጥቅል አየ። «ይሄ በዚህ ሙቀት ቅቤው ይቀልጣል» ብሎ ራሱ ታቅፎ ቤቱ አስገባና ጥላ ውስጥ አኖረው። ደግነቱን ታያላችሁ? የሚፈልገውን ነገር በገዛ እጁ ታቅፎ ከመኪናው አወጣው። ከዚያ ጂፗን ይዞ ከተማውን ዞረ፤ ምንም ድምፅ የለም። ቴፑን ነቀለ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ አንዱ ላላ ብሏል ብሎ አጠበቀው። አመስግነን ስንነሳ ቆጮውን ከቤቱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እኔም ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ከተማውን ሳንለቅ ጢን፣ ጢን፣ ጢን።

ተመለስን። እንደገና ቆጮው ወደ ጥላ፣ እንደገና ዝምታ፣ እንደገና መንገድ፣ እንደገና ጩኸት። ማደሪያችን እዚያው ቡታጅራ ያለው የአክስታችን ቤት ሆነ። እውነቱን ልናገር፤ እነዚያ ቀናት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የጣፈጡ ነበሩ። ከማል መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ «ዝም በይ፣ ስሚ፤ ከፊት ነው ከኋላ?» እያለ ይነዳል። እኔም ጆሮዬን አንዴ በሩ ላይ፣ አንዴ ወለሉ ላይ እለጥፋለሁ። ከሱቁ ሲደወልለት «መኪናዬ ታማብኛለች» ብሎ ይዘጋዋል። የጂፗን ድምፅ እያስመሰለ አክስታችንን ጢን፣ ጢን ብሎ ሲጠራት ሁላችንም በሳቅ እንፈርሳለን። ያ ጋቢ ስር የነበረው ልጅ ተመልሶልኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት ድምፁን ለመስማት ዝም ብለን ስንነዳ በድንገት ተናገረ። «አባባ ሲሞት ያልመጣሁት መንገድ ተዘግቶ አይደለም» አለኝ። «ዋሽቼሽ ነው። ብቻሽን ስታስታምሚው ከርመሽ አንቺን ዓይንሽን ማየት ፈርቼ ነው።» እጁን ያዝኩት። ሁለታችንም አለቀስን። ከኋላችን ቆጮው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጂፗ ትጮሃለች። እሱ የልቡን ሲያወጣ እኔ የእጄን ሥራ ደብቄ አብሬው አነባለሁ። እንዲህም ያለ እንባ አለ?

በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። ሸምሱ ዘንድ መኪናቸውን አቁመው ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች ነበሩ። ከማል በእነሱ ፊት «ደህና መኪና ሰጥቼህ ቴፕ ገጠምኩ ብለህ አበላሸህብኝ! የማትችለውን ለምን ትነካለህ?» አለው።

ሸምሱ አልተቆጣም። የያዘውን መፍቻ ወደዚያ ወደዚህ እያገላበጠ «ወላሂ ከማል፣ ሽቦው ንጹሕ ነው። እኔም አልገባኝም» አለ።

እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቆጮዬ በዚያች ሰዓት እንኳ ሸምሱ ቤት፣ ሸምሱ ባዘጋጀለት ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። አልተናገርኩም። ከሹፌሮቹ አንዱ ቀስ ብሎ መኪናውን አስነሳና ሄደ፤ ሸምሱ በዓይኑ ሸኘው። እኔም አየሁት።

ያኔ ብናገር ሸምሱን አድን ነበር፤ ግን ከማል ያን ከሰዓት ያፈሰሰውን እንባ እንዴት ያየው ነበር? ስለዚህ ፈራሁና የባሰውን አደረግሁ። ለከማል ወልቂጤ ሌላ ኤሌክትሪሺያን አለ ተብሎ ወደዚያ ስንሄድ፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሽቦ ሲነካካ እኔ ቆጮውን ከወንበሩ አንስቼ ኋላ ድንች ጆንያው ላይ አጣብቤ ጫንኩት። መኪናዋ ዳነች። ከማል ሰውየውን አቅፎ ሳመው፤ ስልኩንም አውጥቶ ቡታጅራ ላሉት ወዳጆቹ ሁሉ «ሸምሱ ያበላሸውን እዚህ በአንድ እጁ አዳነው» እያለ ደወለ። ወሬው በዚያው ቀን ቡታጅራ ገባ። እኔን ደግሞ አጥብቆ አቅፎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ይደውልልኛል፤ ለአረፋም ቀደም ብሎ መጥቶ ሰንበትበት ይላል። የለመንኩትን አግኝቻለሁ። በማን ስም አገኘሁት?

ሸምሱ ያችን ትንሽ ቤት ሊያቆያት አልቻለም፤ መኪኖቹ ቀስ በቀስ ቀሩበት። አሁን ወልቂጤ፣ በጉብሬ መንገድ ላይ በሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራል። በባጃጅ ሳልፍ እጁን ያነሳልኛል። አንድ ጊዜም በክፉ ዓይን አላየኝም። ወንድሜ ደግሞ በየአረፋው፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሥጋ ሲበላ፣ «ሸምሱ ያበላሸብኝን ጂፕ ልንገራችሁ?» ብሎ ይጀምራል። ድምፁን ያሰማል፤ እኔ ወለሉ ላይ ጆሮዬን እንዴት እለጥፍ እንደነበር ያሳያል። ሁሉም ይስቃል። ያ ታሪክ የእኔና የእሱ የፍቅር ታሪክ ነው፤ እኔም እስቃለሁ። በየዓመቱ በሳቅኩ ቁጥር የሸምሱን ስም እንደገና አጠፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስወጣ ሸምሱ ከመንገዱ ማዶ ሮጦ መጣ። ጂፗ ከተሸጠች ስንት ጊዜ ሆኗታል፤ እሱ ግን አልተዋትም። ፊቱ በርቶ «ዘቢባ፣ አገኘሁት መሰለኝ!» አለኝ። «ከኋላ በር ነው። በሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ሽቦውን አርሶት ይሆናል። እኔ ፊት ፊቱን ስፈልግ! ለከማል ንገሪልኝ እስቲ፤ አልገባኝም እንጂ አላበላሸሁበትም።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት። እሱም እፎይ ብሎ፣ ለእማዬ ሰላምታ ልኮ ሄደ።

የሰው ሐቅ በሶላት ብዛት አይወርድም፤ ባለቤቱ ራሱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለ በቀር። ይህን ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ። ስለዚህ ይቅርታውን ከእናንተ አልጠይቅም፤ እናንተን የያዝኳችሁ አፌን እንድታለማምዱልኝ ነው። ለመጪው አረፋ ሸምሱን ከነቤተሰቡ እማዬ ቤት ጠርቼዋለሁ፤ እሺ ብሏል። ከማል ታሪኩን ሲጀምር እኔ እጨርሰዋለሁ። ስሙ የጠፋው ሰው ፊት ስለሆነ የሚመለሰውም ሰው ፊት ነው። ወንድሜ ከዚያ በኋላ እንደገና ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክር ይሆናል። ያስፈራኛል፤ ግን ያን ሁሉ ዓመት የፍርሃቴን ዋጋ ሸምሱ ከፍሎልኛል።

አንድ ነገር ግን አልዋሽም። ስለ ስሙ ልቤ ይቃጠላል። ስለ እነዚያ ቀናት ግን ተጸጸት ብለው እምቢ ይለኛል፤ ያ መንገድ፣ የተዘጋው መስኮት፣ የወንድሜ «ዝም በይ፣ ስሚ» አሁንም ደስ ይለኛል። ይህም ከጥፋቴ ጋር ይቆጠርብኝ።

ሸምሱ፣ በሩ ውስጥ ውሃ አልገባም። ጂፗን ያስጮኻት አንተ ታቅፈህ ጥላ ያስገባኸው ቆጮ ነው፤ መልሼ ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ሽቦው ደህና ነበር። እጅህም ደህና ነበር።