ዴዝመንድን ያስቀረሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ተናዝዣለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ ወንድሜን በክፉ ቃል መናገሬን፣ እናቴ ስትታመም ደጋግሜ አለመደወሌን። ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። «አባ ክሪኬት ምን እንደሆነ አያውቁ፤ ከየት ጀምሬ አስረዳቸዋለሁ?» እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። የሰውን እንጀራ በአንደበት ማሰናከልን ለመናዘዝ ክሪኬት ማወቅ ያስፈልጋል እንዴ?

ቶሮንቶ እንደመጣሁ ኖርዝ ዮርክ አንድ ዳቦ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ዴዝመንድ የሚባል የጋያና ሰው ከአጠገቤ ይሠራ ነበር። እኔ ያኔ ሰው የለኝም። ጄን ኤንድ ፊንች ካለችው ክፍሌ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ክፍሌ፣ በቃ። በረዶው ሲቀልጥ ዴዝመንድ፣ «እሑድ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። «እተኛለሁ» አልኩት። «ከእንግዲህ አትተኛም» አለና በመኪናው መጥቶ ወሰደኝ።

ፓርኩ ውስጥ ከሕንድም፣ ከጃማይካም፣ ከፓኪስታንም የመጡ ሰዎች ነጭ ለብሰው ክሪኬት ይጫወታሉ። አምበላቸው ዴዝመንድ ነው። እኔ ከእግር ኳስ ሌላ አላውቅም፤ ሌላው ወደ ቤቱ ሲበተን እሱ ቀርቶ ኳስ መቅለብ አስተማረኝ። የክሪኬት ኳስ እንደ ድንጋይ ናት፤ አንድ ቀን ጣቴን ሰበረችኝ። ኢመርጀንሲ ወስዶ አብሮኝ ሲጠብቅ የዋለው እሱ ነው። ምስጢሩንም የነገረኝ እዚያው ተቀምጠን ነው። በወጣትነቱ ክፉ ጠጪ ነበር፤ ሥራ አስጥሎታል፣ ትዳሩንም ሊያፈርስበት ደርሶ ነበር። ከተወው ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጠብታ አልቀመሰም። «ከሚስቴ በቀር እዚህ የሚያውቅ የለም» አለኝ። «ከእኔ አይወጣም» አልኩት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ እሑድ፣ ጨዋታ ጨርሰን ሣሩ ላይ አረፍ እንዳልን፣ ካልጋሪ ለልጆች የክሪኬት አሰልጣኝ እንደሚፈልጉና እሱን እንዳሰቡት ነገረን። ሜዳ የሚያስፈቅደው እሱ፣ የተጣላውን የሚያስታርቀው እሱ፣ የቀረውን ከየቤቱ የሚለቅመው እሱ ነው። «ገና አልወሰንኩም፤ ሰው ልከው ያዩኛል» አለ። ፊቱ ግን ወስኗል። ዕድሜውን ከምድጃ ሥር የፈጀ ሰው የሚወደውን ሥራ ሊያገኝ ነው። እኔ ምን አሰብኩ? እሑዴን። ይሄ ሰው ከሄደ እሑድ እሑድ የት እገባለሁ ብዬ ተናደድኩ። በእሱ ተናደድኩ!

ከካልጋሪ የተላከው ሰውዬ መጣ። ያን ቀን ዴዝመንድ ዱላውን ይዞ ገና ከመቆሙ ኳሷ አልፋው ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች መታች፤ በክሪኬት ይህ ከጨዋታ ያስወጣል። ወጣ። አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ እኔ ከሰውየው ጋር አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር።

«ግድ የለም» አለኝ ሰውየው ፈገግ ብሎ። «እኔ የመጣሁት ሰውየውን ለማየት እንጂ ምቱን ለማየት አይደለም። የቅርብ ጓደኛው ነህ አሉኝ። ልጆች ልንሰጠው ነውና፣ ማወቅ ያለብን ነገር አለ?»

«ጥሩ ሰው ነው» አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንዳዘነ ሰው ራሴን እየነቀነቅሁ፣ «መጠጡ ነው እንጂ» አልኩ።

የሰውየው ፈገግታ ጠፋ። «አሁንም?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

አንዲት ቃል ነበር የሚፈልገው። «ኖ» ማለት እንግሊዝኛ የማያውቅም አያቅተውም። እኔ ግን መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ ምን እንደሚያደርግ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ሰውየውም ጨዋታው ሳያልቅ፣ ዴዝመንድን ሳይሰናበት ሄደ።

ማታ፣ በመሃሉ ያገባኋት ባለቤቴ ሰብለ እራት እያቀረበች፣ «ካፕቴናችሁ ሙቭ ሊያደርግ ነው አሉ?» አለችኝ።

«የለም፣ አይሄድም።»

«ኮል አደረጉለት እንዴ?»

«አላደረጉለትም።»

«ታዲያ አንተ እንዴት አወቅክ?»

ሻወር ልውሰድ ብዬ ተነሣሁ።

ዴዝመንድ ከካልጋሪ ይደወልልኛል ብሎ ስልኩን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ይዞ መሥራት ጀመረ። ክልክል ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ በሰው ፊት ተቆጣው። እሱ ግን መያዙን አልተወም። ከዚያ አንድ ቀን ስልኩን ሎከር ውስጥ አስቀምጦ ገባ። ቡድኑ «ቀረልን!» ብሎ ፓርኩ ውስጥ ሥጋ ጠበሰ፤ እሱም አብሮን ሳቀ። እየሳቀ ወደ ጎን ሳበኝና፣ «ያ ሰውዬ አጠገብህ ቆሞ ነበር፤ ስለ እኔ የነገረህ ነገር አለ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። የሰጠኝን ሥጋ በላሁ።

በዓመቱ የተሻለ ሥራ አገኘሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሺፍት አለው። ቡድኑን ለቀቅኩ። አዎ፣ የሰውን ዕድል የሰበርኩለትን ቡድን እኔ ሁለት ሰመር እንኳ አልቆየሁበትም።

በቅርቡ ፊንች አውቶቡስ ላይ ድንገት አገኘሁት። ሸብቷል፤ ዛሬም እዚያው ዳቦ ፋብሪካ ነው። ቦርሳውን አንሥቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ከዚያ በመስኮቱ እያየ፣ «ያቺን ኳስ እኮ እስከ ዛሬ በሕልሜ አያታለሁ» አለኝ። «ትንሽ ታግሼ ቢሆን ካልጋሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ዕቃ ሁሉ መሸከፍ ጀምራ ነበር። በገዛ እጄ ነው ያበላሸሁት።»

ይህን ሁሉ ዘመን ጥፋቱን በራሱ ላይ ጭኖ ኖሯል። ሰውየው ለምቱ ደንታ እንዳልነበረው የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ብከፍት ሸክሙን ባወረድኩለት ነበር። አፌንስ ከፈትኩ።

«አዎ» አልኩት፤ «ክፉ ኳስ ነበረች።»

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወረደ።

ብቸኛ ነበርኩ አልልም። እወደው ነበርም አልልም፤ እንዲህ ያለ መውደድ ጠላትንም አይግጠመው። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ዴዝመንድ በሕይወት አለ፤ ቤቱም ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ለእናንተ የተናዘዝኩት ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ። እናንተ ዓይኔን ስለማታዩት ነው።