ቤቶች!

ያ ክረምት ለአሮጊቷ ልብስም ዓይንም ሳይደርቅ ያለፈ ክረምት ነበር። ታናሽ እህቷ በሞተች በወሩ፣ ሟች በምሳ ሰዓቷ በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ስትከትበው የኖረችውን የእናታቸውን ተረት ፍለጋ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄደች።

"ያ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ተጥሏል" አሏት ሠራተኞቹ። ልትወጣ ዞረች።

"ኮምፒውተሩ እንጂ ጽሑፉ መቼ ተጣለ?" አለ ጥግ የተቀመጠው የኮምፒውተር ጠጋኝ። ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ ለብሷል፤ መነጽሩን በክር አስሯል። "ጽሑፉ ያለው ምድር ቤት ካለው ትልቁ ኮምፒውተር፣ ከጋራው ማኅደር ነው። ከዚሁ ከምንጽፍበት ፕሮግራም ሳንወጣ እንከፍተዋለን፤ ጽሑፉም ከቦታው ንቅንቅ አይልም።"

እጁን በሹራቡ ጠረገና የማኅደሩን አድራሻ ሊጽፍ በመጀመሪያ ሁለት ዘመም ያሉ ጭረቶች መታ፤ ቀጭ ቀጭ፣ ልክ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ቤቶች!" አለ።

"ማን ሊሰማህ ነው፣ ልጄ?"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እማማ። ቤቴም ስገባ እላለሁ፤ የሚመልስ ባይኖርም።"

አሮጊቷ ከጀርባው እንደቆመች "ይግቡ!" አለችው።

ጣቱ ቆመ። ሳቀ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አድራሻውንም ጽፎ ጨረሰ። የእናቷ ተረት፣ እህቷ እንደተወችው፣ ፊቷ ድቅን አለ።

እስከ ዛሬ ስትመርቀው ትኖራለች። መጨረሻ ያየችው መናኸሪያው ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ያንኑ ሹራብ ለብሶ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር።