ቧንቧውን ያምጡልኝ

መካነ ሰላም መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቶቼ ኩበት ያያይዛሉ፤ ያ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ፣ ገል ይዤ በጭቃ እየተንሸራተትኩ እሳት ልጭር የምሮጥ ልጅ እሆናለሁ። ከጅዳ ለእረፍት የመጣችው የልጅ ልጄ ሀያት ግን ሰሞኑን አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና፣ «አያቴ፣ እውነት ይሄ ኑሮ ነው?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ሁለት አገር የሚያወዳድር ሰው የአንዱን ሳሎን ከሌላው ጓዳ ጋር አያስተያይም።

የተወለድኩባት መንደር ከከተማው ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ ነበረች። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ቤት ድረስ ይዘልቅ ነበር። ማገዶው ርሶ ምድጃው ስለሚጠፋ፣ ክብሪትም ከገበያ ሲመጣ እንደ ሽቶ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ፣ እሳት ያደረለት ቤት ላላደረለት ይሰጥ ነበር። አመሻሽ ላይ እናቴ ገል አስይዛ ወደ ጎረቤታችን ወደ እቴ አልጋነሽ ትልከኝ ነበር። እነሱ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም ነን፤ ሥጋችን ይለያል እንጂ እሳታችን አይለይም ነበር። እቴ አልጋነሽ ፍሙን በአመድ ሸፍና ስትሰጠኝ፣ እናትሽን አመማት ወይ፣ ላሚቱ ወለደች ወይ፣ አባትሽ ዛሬም ተቆጣ ወይ ብላ ሳትጠይቅ አትለቀኝም ነበር፤ እኔም ሁሉን ስዘረዝርላት ፍሙ ከስሞ ሌላ ትጨምርልኝ ነበር።

ውሸት ግን አልጽፍም። በአንዱ ክረምት ታናሽ ወንድሜ ይማም ሳል ይዞት ሞተ። ጭሱም ብርዱም ናቸው የገደሉት፤ ሐኪም ቤት ቅርብ ቢሆን ይተርፍ ነበር። «ድሮ ጥሩ ነበር» የሚሉኝን ሰዎች የማልወዳቸው ለዚህ ነው። ውሃ ከገደሉ ሥር በእንስራ ይዘን ስንወጣ ጀርባችን ይላጥ ነበር፤ ያንን ናፍቆት ብሎ የሚያወራ ሰው እንስራ ያልተሸከመ ነው።

አዝመራው ተከቶ በጋ ሲሆን የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ከድጃ፣ ከጅዳ መጣች። ከባሏ ጋር ለሐጅ ሄዳ እዚያው የቀረች ናት። ሰዉ ሊጠይቃት እየመጣ ደጃችን ሞልቶ ይውል ነበር፤ እሷም የዚያን አገር ኑሮ እያነሳች የእኛን ትጥል ነበር። ውሃ ግድግዳ ውስጥ እንደሚኖር፣ ጆሮውን ሲጠመዝዙት እንደሚወርድ ስትነግረን፣ አባቴ፣ «ጆሮውን ተጠምዝዞ የሚሰጥ፣ እንኳን ግድግዳ ሰውም አላየሁ» እያለ ያስቀን ነበር። እየሳቀ ግን ያምናት ነበር። ጥቂት ሰንብታ እኔን ልውሰዳት አለች፤ ልጆቿን እያጫወትኩ በዚያው ሰው እንድሆን። አባቴ ከይማም ሞት ወዲህ ያንን ቤት ይፈራው ስለነበር፣ «እሷ እንኳን ትዳንልኝ» አለ። የወለቁት ጥርሶቼ ገና አልበቀሉም ነበር፤ ቀን ቀን የግድግዳው ውሃ ያምረኝና፣ ሲመሽ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ እተኛ ነበር።

ነገሩ የተቆረጠው በበልግ ነው። ዝናብ እየጣለ የእቴ አልጋነሽ ልጅ ገል ይዛ እሳት ልትጭር መጣች፤ እናቴ ውሃ ወርዳ ስለነበር አክስቴ ተቀበለቻት። አክስቴ ደግ ሴት ነበረች፤ ልጅቱ ዝናብ ሲመታት አሳዝናት፣ ከሻንጣዋ አንድ ሙሉ ክብሪት አውጥታ ሰጠቻትና፣ «እንቺ፣ ከእንግዲህ እዚህ ድረስ አትመላለሺ» አለቻት። ልጅቱም ቃሉን እንዳለ ለእናቷ አደረሰች። በእኛ መንደር እሳት ለለመነ ሰው ክብሪት ሰጥቶ አትመላለሺ ማለት፣ ደጄን አትርገጪ ማለት ነበር። በነጋታው እቴ አልጋነሽ በደጃችን ስታልፍ ፊቷን አዞረች፤ ክብሪቱንም ሳይከፈት አጥራችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አክስቴ ደግ በሠራሁ ምን አጠፋሁ እያለች ግራ ገባት።

እናቴ የራሷ ምድጃ እየነደደ ገል አንስታ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። በእቴ አልጋነሽ ደጃፍ ቆማ እሳት አጣሁ አለች። እቴ አልጋነሽ ከጣሪያችን የሚወጣውን ጭስ አሻግራ አይታ፣ «ያ የሚጨሰው የማን ቤት ነው?» አለች።

«የእንግዳዬ ነው፤ የኔማ ጠፍቷል።»

ሁለቱም ሳቁ፣ ፍሙም ተሰጠ። ከዚያ እቴ አልጋነሽ እኔን እያየች፣ ልትሰጫት ነው አሉ ብላ ጠየቀች። እናቴ ልጆች እንድታጫውት ነው የምትወስዳት አለቻት።

«ማጫወት ነው ማዘል? ገና ራሷ አዝሉኝ የምትል።»

እናቴ ፍሙን ይዛ እየፈጠነች ተመለሰች። ቤት ገብታ ያመጣችውን ፍም በሚነደው እሳት ላይ ጨመረችና፣ ወደ አክስቴ ዞራ፣ «እቴ ከድጃ፣ የነገሩን ሁሉ እውነት ነው፤ አገሩ ይመቻል። እንግዲያስ ቧንቧውን ያምጡልኝ። ልጄን ግን ለቧንቧ አልሰጥም» አለቻት። አባቴ ሊቆጣ ተነስቶ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተቀመጠ። ረመዳን ሳይገባ አክስቴ ብቻዋን ተመለሰች።

ዛሬ ግቢዬ ውስጥ ቧንቧ አለ፤ ያስገባችልኝ ሀያት ናት። ጆሮውን ስጠመዝዘው አንዳንድ ቀን ይወርዳል፣ አንዳንድ ቀን አየር እየተነፈሰ ያላግጥብኛል። ሲወርድ አልሃምዱሊላህ እላለሁ፤ እንስራ አይናፍቀኝም። ግን እናቴ እምቢ ያለችው ልውውጥ እኛ ላይ ደርሶ፣ ቧንቧው ሲመጣ ልጆቹ ሄዱ። ሀያት ጅዳ የሰው ቤት ታጸዳለች፤ ስልኳ ላይ የምታሳየኝ ሰፊ ሳሎን የእመቤቷ ነው። የምትተኛበትን ክፍል አሳዪኝ ብላት፣ መስኮት የለውም፣ ፎቶ አይወጣበትም አለችኝ። እንግዲያው ማወዳደር ካማራት ያንን ክፍል ከእኔ ቤት ጋር ታወዳድር እንጂ የሰው ሳሎን አታምጣብኝ።

ለኛ ሲሆን አንዱን ምረጡ የሚሉን ለምንድን ነው? የእመቤቲቱ ልጅ ውሃም አላት፣ እናቷም አጠገቧ ናት። እኔም ውሃውን እዚህ፣ ልጅቱንም እዚህ እፈልጋለሁ። ሀያት ይህን ስነግራት፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ አያቴ» ብላ ሻንጣዋን መሸከፍ ቀጠለች። እናቴ ግን አንዴ እምቢ ብላ፣ እኔ ይኸው እዚሁ አርጅቻለሁ።