የዚሲስ ዘይት

ስታማቲያ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካስታኖራ መንደር ባለው አይብ ቤት ወተት ታፈላለች፣ ታማስላለች፣ አይቡን በጨርቅ ታጠልላለች። ሩጫ የጀመረችው ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ነው። ወገቧ አላላውስ ቢላት አንድ ቀን ሕፃኑን ለባሏ ለአኪሌያስ ትታ ከወንዙ ማዶ ያለውን አቀበት ሮጣ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ተራራው ወሰዳት ማለት ይቻላል። በስምንት ዓመት ውስጥ በፒንዶስ ተራሮች ላይ ያልሮጠችበት ሸንተረር አልቀረም።

አባቷ ዚሲስ በቅሎ ነጂ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከጫካ ግንድ ሲያወርድ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ሥራው ልጁን መከተል ሆነ። ውድድር ባለበት ሁሉ ቀድሞ ይሄድና ኪሱ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል ይዞ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ስትደርስ እንቁላሉን እየላጠ፣ "የፊቶቹ እኮ ምሳቸውን በልተው ተኝተዋል" ይላታል። አንደኛ ሆና ስትመጣ እንኳ የሚላት ይህንኑ ነበር። በጥር፣ በረዶው መንገዱን በዘጋበት ሳምንት፣ ሳንባውን ታሞ ሞተ።

ካስታኖራ ሟቿን ሁለት ጊዜ ትሸኛለች። አንዱ ቀብሩ ነው። ሁለተኛው በሐምሌ፣ በነቢዩ ኤልያስ በዓል ነው። የኤልያስ ቤተ ክርስቲያን ከመንደሩ በላይ የተራራው ጫፍ ላይ ናት፤ መኪና አይደርስባትም። በበዓሉ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአደባባዩ ሩጫ ይጀመራል። ከሌላ አገር የመጣው ለዋንጫ ይሮጣል። በዚያ ዓመት ሰው የሞተበት ቤት ግን ዘይት ይዞ ይወጣል፤ የሟቹ የራሱ ሰው፣ በእግሩ፣ ክዳን የሌለው ጣሳ በእጁ ይዞ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቄሱ የሙታንን መዝገብ ይገልጣሉ። ዘይቱን ያደረሰ ሰው በሩ ላይ ቆሞ የሟቹን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ደወል አንዴ ይመታል፣ ቀንዲል ይበራል። ከዚያ መዝገቡ ይዘጋል። ያመለጠው ሟች ለከርሞ አይተላለፍም። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ እንዲህ ነው፣ አለቀ።

ዚሲስ ከስታማቲያ ሌላ ልጅ አልነበረውም፤ የሚስቱ የፖሊክሴኒ ጉልበት ደግሞ ካበጠ ቆይቷል። ስለዚህ ዘይቱ የስታማቲያ ነበር። በደህናዋ ቀን ያንን አቀበት በአንድ ሰዓት ከሩብ ትጨርሰዋለች። ችግሩ፣ ከበዓሉ ሃያ አራት ቀን አስቀድማ መቶ ኪሎሜትር መሮጧ ነው። አባቷ በሕይወት ሳለ የተመዘገበችበት፣ ከተራራ ተራራ የሚያዞር፣ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሊሆን ትንሽ የሚቀረው ሩጫ ነበር። እሱ ሲሞት ልተወው ብላ አልሆነላትም። ጨረሰችው። ከጨረሰች በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ የምትወርደው ቁጭ ብላ እየተንፏቀቀች ነበር። ሁለት የእግር ጥፍሮቿ ወለቁ። የግራ ቅልጥሟ አልሻል ሲላት ከተማ ወረደች፤ ሐኪሟም የራጅ ፎቶውን በብርሃን ላይ አድርጋ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አሳየቻት። መራመድ ትችያለሽ፣ ስድስት ሳምንት ግን ሩጫ የለም አለቻት። ያ ስንጥቅ ስብራት ከሆነ ወዲያ ስለ ተራራ እንዳታነሺብኝ ብላም አስጠነቀቀቻት።

ስለዚህ ቤት ውስጥ የተቆረጠው፣ ስታማቲያ በእርምጃ እንድትወጣ ነው። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ሁለት ሰዓት ከሩብ ይበቃዋል። ፖሊክሴኒ በዋዜማው ከሴቶቹ ጋር ቤተ ክርስቲያኗን ልትጠርግ በበቅሎ ስትወጣ፣ ኮርቻው ላይ ሆና ወደ ልጇ ጎንበስ አለች።

"የሚወጣው የአባትሽ ዘይት ነው፣ ያንቺ ዋንጫ አይደለም። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ፣ እማዬ።"

"አንቺ እንዴት እንደምትሰሚ አውቃለሁ" አለችና በቅሎዋን ኮረኮረች።

በነጋታው አደባባዩ ሞልቶ ነበር። ዘይት የያዙት አራት ናቸው፤ ሁለት ወጣቶች፣ ስታማቲያ፣ እና ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው ንብ አናቢው ላምብሮስ። የላምብሮስ ሚስት ቫያ የሞተችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጆቻቸው ጀርመን ስለሆኑ ራሳቸው ቆመዋል፤ የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጣሳውን በአንድ እጃቸው፣ ምርኩዛቸውን በሌላው ይዘው።

በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰው የስታማቲያ ስም ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከሦስት ሳምንት በፊት መቶ ኪሎሜትር የሮጠች የእኛ ልጅ አለ። ሰው አጨበጨበ። ሩጫው ሲጀመር ሌላው ሁሉ ተፈተለከ፣ እሷ በእርምጃ ጀመረች። ዐሥር እርምጃ ያህል ሄደች። በዳቦ ቤቱ በር የቆመ አንድ ሰው፣ "ስታማቲያ፣ ገበያ ነው እንዴ የምትወጪው?" አላት። ሰዎች ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ሮጠችም።

እግሯ አላመማትም። ሰውነት ከእንዲህ ያለ ረጅም ሩጫ በኋላ እንደሚዋሽ ታውቃለች። ሜዳ ላይ እግር ይቀላል፣ ልብ ዝግ ብሎ ይመታል፣ ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ እውነቱ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ለጀማሪ ሯጮች ይህንን ስንት ጊዜ ነግራለች። ለእሷ ግን የነገራት አልነበረም። የመጨረሻውን ቤት ስታልፍ የጣሳውን አፍ በመዳፏ ከድና ከፊተኞቹ ዐሥር ሯጮች ጋር ነበረች።

የጥዱ ጫካ ውስጥ ዳገቱ ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ምንጩ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ እንደተቀደደ ጆንያ በአንዴ ፈሰሰ። ከዚያ ቅልጥሟ ተነሳ። የጋለ ምስማር የገባባት መሰላት። ዘይቱን ሁለት ድንጋይ መሃል አደላድላ አስቀመጠችና ተቀመጠች። በየዓመቱ የምትቀድማቸው ሁሉ እያዩዋት አለፉ። የጠየቃትን ደህና ነኝ አለች። ግራ እግሯን መሬት ለማስነካት ሞከረች፣ አልቻለችም። እንደገና ሞከረች። ብትሮጥ አጥንቱ ይሰበራል፣ ዘይቱም አይደርስም፤ ብትቀመጥም አይደርስም። አባቷን ሰው ፊት በተጨበጨበላት ጭብጨባ እንደሸጠችው ሆኖ ተሰማት።

ከሁሉ ኋላ ላምብሮስ መጡ። ሲያዩዋት አልቆሙም፤ ባሉበት እግራቸውን እያነሱ እየጣሉ አነጋገሯት።

"እግርሽ ነው?"

"አዎ፣ ጋሽ ላምብሮስ።"

"ከአደባባዩ ስትወጪ አይቼሻለሁ። ለቫያ፣ ይቺ ልጅ ምንጩ ጋ ትጠብቀናለች ብያታለሁ" አሉና ጣሳቸውን ከፍ አደረጉት። "ተነሺ። እኔ የረገጥኩበትን እርገጪ። ወደ ላይ እንዳታዪ። ከቆምሽ ትቼሽ እሄዳለሁ፤ እኔ አንዴ ከቆምኩ መነሳት አልችልም።"

ተነሳች። የላምብሮስ አካሄድ የዶሮ ያህል ነበር። በሕይወቷ እንዲህ ቀስ ብላ ተራራ ወጥታ አታውቅም። መጀመሪያ ያፈረችው እፍረት እግሯን አስረሳት። በኋላ ስታስተውል፣ በዚያ እርምጃ ሕመሙ አልጠፋም፣ ግን አብሮ የሚኬድ ዓይነት ሆኗል። እሳቸው መንገዱን ሁሉ የሚያወሩት ከጣሳው ጋር ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የዚሲስ በቅሎ ቀፏቸውን ረግጣ እንደሰበረች፣ ዚሲስ ለካሳ ቀፎ የሚሆን አንድ ግንድ እንዳመጣላቸው፣ ግንዱም ውስጡ የበሰበሰ እንደነበረ ለቫያ አስታወሷት። ስታማቲያ ከኋላ ሆና ሳቋን ዋጠች።

ከጫካው ሲወጡ ጠጠሩ ጀመረ። እዚያ መሬቱ ከእግር ሥር ይንሸራተታል፤ ሰው አንድ እጁን ድንጋይ ላይ እያሳረፈ ነው የሚወጣው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። የቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ይታያል። ላምብሮስ ቆሙ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ጣሳውንም ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ለሯጮቹ ጥበቃ ከላይ የቆመው የነፍስ አድን ሰው አያቸውና መውረድ ጀመረ።

"ደረስን እኮ" አለች ስታማቲያ።

"አንቺ ደርሰሻል። ሂጂ።"

"ቫያን ስጡኝ።"

"ያንቺ ቤት ሰው አይደለችም" አሉ፣ ሳያዩዋት።

"ከምንጩ እስከዚህ ያመጣችሁኝ ሁለታችሁ ናችሁ።"

ላምብሮስ ጣሳውን ዘረጉላት፤ እሷ ከያዘችውም በኋላ ጣቶቻቸው ወዲያው አልለቀቁም። "እንዳትሮጪ" አሉ።

ሁለት ጣሳ ይዞ አፉን የሚከድን መዳፍ የለም፤ ድንጋይ የሚይዝም እጅ የለም። እሳቸው እንዳስተማሯት፣ አንዱ እግር ሳይደላደል ሌላውን ሳታነሳ ወጣች። ነፍስ አድኑ አጠገቧ ሲደርስ ልርዳሽ አላት፤ ወደ ሽማግሌው ሂድ አለችው። ከጣሪያው በታች ሃምሳ እርምጃ ሲቀር ጠጠሩ የግራ እግሯን ይዞት ሄደ። በጉልበቷ ወደቀች። አንዱን እጅ ማሳረፍ ግድ ነበር፤ ለማሰብም ጊዜ አልነበራትም። ያረፈው የአባቷን ጣሳ የያዘው እጅ ነው። የአደራው ጣሳ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ዘይቱ ድንጋዮቹ ላይ አብረቀረቀና በመሃላቸው ሰረገ። ወደ ጣሳው አየች። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ቀርቷል። በጉልበቷ እንዳለች ትንሽ ቆየች። ከዚያ ተነሳች።

በሩ ላይ ስትደርስ ሁለቱ ወጣቶች የሟቾቻቸውን ስም ጠርተው ጨርሰዋል። ቄሱ መዝገቡ ላይ ጣታቸውን አኑረው ወደ በሩ ያያሉ።

"ዚሲስ! በቅሎ ነጂው!" አለች። ደወሉ መታ።

"ቫያ! የላምብሮስ ሚስት!"

ደወሉ አልመታም። ቄሱ በመነጽራቸው ላይ አዩዋት። የቤቷ ሰው ናት ወይ ብለው ጠየቁ። አይደለችም አለች፤ ላምብሮስ ጠጠሩ ላይ ተቀምጠው እንደቀሩ፣ በእጃቸው ሰጥተዋት እንደመጣች ነገረቻቸው። ቄሱ ሁለቱን ጣሳዎች አዩ፣ የሚደማውን ጉልበቷን አዩ። ከሴቶቹ መሃል የፖሊክሴኒ ድምፅ መጣ።

"አባቴ፣ ቫያ በበሩ ቆማለች፤ ትግባ።"

ቄሱ ለደወል መቺው ራሳቸውን ነቀነቁ። በኋላ ነፍስ አድኑ እንደነገራት፣ ላምብሮስ ከታች ደወሉን በጣታቸው ሲቆጥሩ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ በቆየው ዝምታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አራተኛው ሲመታ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ፖሊክሴኒ የባሏን ጣሳ ተቀብላ ወደ ውስጥ አየች። ስታማቲያ ስለ ሩጫውም ስለ መውደቋም አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። እናቷ ዘይቱን እስከ ጠብታው ወደ ቀንዲሉ ገለበጠችው።

"አባትሽም ሲቀዱለት ሁለት ጣት ብቻ ይል ነበር" አለች። ከዚያ ሁለቱም በሩ ጥግ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ላምብሮስ በነፍስ አድኑ ተደግፈው የደረሱት ሰዉ ዳቦና ወይራ ሲበላ ነው። የሚበላ ቢሰጧቸው እንቢ አሉና ወደ ቀንዲሎቹ ሄዱ። የቫያ ሞልቷል፣ የዚሲስ ከሥሩ ነው። ጥቂት አዩና የሆነው ገባቸው። የሚስታቸውን ቀንዲል አወረዱ፤ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ወደ ዚሲስ አጋቡት። ቄሱ የዳቦ ፍርፋሪ ከልብሳቸው ላይ የሚያራግፉ መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

"ግንዱ ግን የበሰበሰ ነበር" አሉ ላምብሮስ ለዚሲስ ቀንዲል፣ መልሰው ሲሰቅሉ።

ከሰዓት በኋላ ስታማቲያ በእናቷ በቅሎ ላይ ወረደች። ከልጅነቷ ወዲህ በቅሎ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ፖሊክሴኒ ሁለቱንም የማያደክም አካሄድ አገኘች፤ ልጓሙን ይዛ ጥቂት ትሄድና ድንጋይ ላይ ታርፋለች። ከመንደሩ በላይ ያገኟቸው ሰዎች ስታማቲያ ዘንድሮ ስንተኛ እንደወጣች ጠየቁ።

"ከመጨረሻ ሁለተኛ" አለች ፖሊክሴኒ፣ ቅንጣት ሳታፍር፤ በቅሎዋንም ወደ ቤት መራች።