የቃሬዛው ተሸካሚዎች

ዛሬ አጎቴ እኔ የጻፍኩትን የቴሌቪዥን ድራማ እያዩ ድንገት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ታሪኩ የጃንሆይ ዘመን ነው። አልጋና መድኃኒት ወዳጠረው ሆስፒታል አንዲት ወላድ በቃሬዛ ትመጣለች። ሐኪሙ ደም ሲጠይቅ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። (ደራሲ በሰው ደም ለጋስ ነው።)

«ይኸን ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«ማንም። እኔው አስቤው ነው፣ ጋሼ።»

«የመጀመሪያ ሚስቴን ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ እንዲህ ተሸክመን አምጥተናት ነበር። ደም የሰጠ ሰው ዳግመኛ እርፍ አይጨብጥም ይባል ነበርና፣ ስምንታችንም ትተናት ወጣን። እኔም ወጣሁ። እሷ እዚያው ቀረች።»

ክፍሉ ተላልፏል፤ አላርመውም። ስጽፈው አጎቴ እዚሁ ቤት ነበሩ፤ አልጠየቅኋቸውም።

እናንተስ ቤት ሳትጠይቁት የቆያችሁት ሽማግሌ አለ?